ብሬስ የት ደረሰ?

ጳጉሜን 3 ቀን ከሰዓት በኋላ አክስቴ ከደሴ ደወለችልኝ። እትዬ ሰላምታ የምትዘል ሰው አይደለችም። ጤናዬን፣ ሥራዬን፣ የአዲስ አበባን ዝናብ ሳትጠይቅ ወደ ጉዳይዋ አትገባም። ያን ቀን ግን ስልኩን እንዳነሳሁ «አንቺ ልጅ፣ ብሬስ?» አለች።

«የቱ ብር እትዬ?»

«4,200 ብሬ ነዋ! የት ደረሰ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። ለበዓል ቅቤና በርበሬ ለምታመጣላት ነጋዴ 4,200 ብር በስልኳ ላከች። ቀይ ጽሑፍ መጣባት። ጽሑፉ እንደገና ሞክሪ አላት፣ ሞከረች። በሁለተኛው «ተልኳል» አላት። ቀሪ ሂሳቧን ስታይ ግን ከ9,000 ብሯ የቀረው 600 እንኳ አይሞላም። ለካ ሁለቱም ጊዜ ሄዷል።

ነጋዴዋ ደግ ሰው ናት፣ ትርፉን መልሳለች። የመለሰችው ግን መስከረም 4 ቀን ነው። ዶሮ ሳይገዛ በዓሉ አለፈ። እትዬ ይህን አልነገረችኝም። የነገረችኝ ልጇ ናት።

ያን ቀይ ጽሑፍ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ብር መላኪያ አፕ የሚሠራ አንድ ትንሽ ቡድን ውስጥ ነው የምሠራው። ሥራዬ ኮድ መጻፍ ነው። ኮድ የሚጽፍ ሰው ደግሞ ሳያስበው ብዙ አማርኛ ይጽፋል። አፑ እምቢ ሲል ስክሪኑ ላይ የሚወጣውን ነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፈው ደራሲ ወይም ተርጓሚ አይደለም። እንደኔ ያለ፣ ማታ ላይ የደከመው ፕሮግራመር ነው።

ጽሑፉን እንዳለ ላስቀምጠው፦

«የአገልግሎት ስህተት። ጥያቄዎ አልተጠናቀቀም። እባክዎ እንደገና ይሞክሩ። ኮድ፦ 504»

ስጽፈው ትዝ ይለኛል። አፑ በማግስቱ ሊለቀቅ ነው። ኮዱ ውስጥ «እዚህ መልእክት ይግባ» የሚል ማስታወሻ ያለበት አንድ ባዶ መስመር ቀርቷል። እንግሊዝኛውን አየሁ፣ አማርኛ አደረግኩት፣ ወደሚቀጥለው ሄድኩ። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ሰዋስውም ላይ እንከን አልነበረበትም። «እባክዎ» ስለሚል ጨዋም ይመስላል። ያየው ሁሉ አልፎታል።

ከበዓሉ በኋላ ለእትዬ ደውዬ ጽሑፉን ቁርጥ ቁርጥ አድርጌ አነበብኩላት። እያንዳንዱ ላይ ምን እንዳሰበች ጠየቅኳት። «ስህተት» ስላት «ምን አጠፋሁ ብዬ ደነገጥኩ» አለች። «ጥያቄዎ አልተጠናቀቀም» ስላት «እኔ መቼ ጠየቅኩ? ላኩ እንጂ» አለች። 504ን ልብ አላለችውም። «እንደገና ይሞክሩ» ስላት «እሱማ ግልጽ ነው፣ ሞከርኩ» አለች።

ከዚያ ሁሉ ጽሑፍ የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው። እሱም ማድረግ ያልነበረባት ነገር ነው።

እዚህ ላይ 504 ምን እንደሆነ ልንገር፣ የነገሩ ሥር እዚያ ነው። ኮምፒውተሮች በኢንተርኔት ሲነጋገሩ ለእያንዳንዱ መልስ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር አላቸው። 200 ማለት እሺ፣ ተሳክቷል ማለት ነው። 404 የምትፈልገው እዚህ የለም ማለት ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ከእነዚህ ውስጥ በ4 የሚጀምሩት «ችግሩ ከጠያቂው ነው» የሚሉ ናቸው። በ5 የሚጀምሩት «ችግሩ ከእኔ ከመላሹ ነው» የሚሉ ናቸው። ማሽኖቹ እርስ በርሳቸው ችግሩ በማን በኩል እንዳለ በግልጽ ይነጋገራሉ ማለት ነው። ሰው ጋ ሲደርስ ግን ሁለቱንም አንድ ላይ «ስህተት» ብለን በቀይ እንጽፈዋለን። እትዬም ያጠፋችው እሷ ትመስላታለች።

504 በ5 ከሚጀምሩት ነው። መሃል ላይ ያለው ሰርቨር፣ ጥያቄ ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ኮምፒውተር፣ «ከኋላዬ ያለውን ጠይቄ ነበር፣ ጠበቅኩት፣ በጊዜ አልመለሰልኝም» ማለቱ ነው። ልብ በሉ፣ አልተሳካም አላለም። መልስ አልደረሰኝም ነው ያለው።

ያን ዕለት የሆነውን ሎጉን፣ ሰርቨሩ የሆነውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ፣ ከፍቼ አየሁት። የእኛ ሰርቨር 30 ሰከንድ ይጠብቃል። የበዓል ሰሞን ስለሆነ ወረፋው ከባድ ነበር። ከወዲያኛው ወገን መልሱ የመጣው በ41ኛው ሰከንድ ነው። መልሱ «ተልኳል» የሚል ነበር። እኛ በ30ኛው ሰከንድ መጠበቅ ትተን «አልተጠናቀቀም» ብለናታል። 11 ሰከንድ ነው ልዩነቱ።

ፕሮግራመር ሲባል ነገርን ለሁለት መክፈል ይወዳል። ሆነ ወይም አልሆነም። ገንዘብ ላይ ግን ሦስተኛ አለ፦ ገና አላወቅንም። ይህ ሦስተኛው ኮዳችን ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ቦታ ስላልነበረው መልእክትም አልነበረውም። ስለዚህ «አልሆነም» በሚለው ውስጥ ተወሸቀ።

መጀመሪያ ያስተካከልነው ጽሑፉን ሳይሆን ኮዱን ነው። አሁን አንድ ሰው «ላክ» የሚለውን ሲነካ ለዚያ ትእዛዝ አንድ መለያ ቁጥር ይሰጠዋል። መልስ ዘግይቶ ያው ትእዛዝ ተመልሶ ቢመጣ፣ ሰርቨሩ ቁጥሩን አይቶ «ይሄንንማ ይዤዋለሁ» ይላል እንጂ ሁለተኛ አይልክም። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሲስተም ሁሉ ከመጀመሪያው ሊኖረው የሚገባ ነገር ነው። የእኛም ይኖረው ነበር፣ ለሚቀጥለው ዙር እየተባለ ተገፋ እንጂ።

ጽሑፉን ለማስተካከል ደግሞ ቁጭ ብዬ ሞከርኩ። አንድ ቀን ሙሉ ጻፍኩ፣ ደለዝኩ። የሚወጣልኝ ሁሉ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ነው። ያኔ አንድ የሥራ ባልደረባዬ «አንቺ ለምን ወኪሎቹ ጋ ሄደሽ አትቀመጪም?» አለኝ።

መገናኛ አካባቢ ከወኪሎቹ አንዷ የሆነች ልጅ አለች። ሱቋ ጠባብ ነው። ዳቦ፣ ሳሙና፣ የሞባይል ካርድና ቻርጀር ትሸጣለች። ብርም ታስገባለች፣ ታወጣለች። ሦስት ቀን የለስላሳ ሳጥን ገልብጬ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ሰው ስልኩን ይዞ ይመጣል። ስክሪኑን ወደ እሷ ያዞራል። እሷ በጨረፍታ ታያለች። ከዚያ ትናገራለች። እኔ የምትናገረውን እጽፋለሁ።

በሁለተኛው ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ልጅቷ ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን አንብባ አታውቅም። ሰውየው የጠየቃትን ነው የምትመልሰው። የሁሉም ሰው ጥያቄ ደግሞ አንድ ነው፣ የእትዬ ጥያቄ። ብሬስ?

መልሷም ሦስት ዓይነት ነው።

«እማማ፣ ብርዎ አልሄደም፣ እርስዎ ጋ ነው።»

«ጋሼ፣ ሄዷል፣ ይደውሉላቸውና ያረጋግጡ።»

«እናቴ፣ ገና ነው። መንገድ ላይ ነው ያለው። እስኪለይለት ሁለተኛ እንዳይልኩ።»

ሦስተኛዋን ስሰማ እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እኛ ኮዱ ውስጥ የረሳነውን ነገር ይህች ልጅ በቀን አሥር ጊዜ ትናገረዋለች። ከመደርደሪያዋ ሥር አንድ ደብተር አላት። «ገና ነው» ያለቻቸውን ሰዎች ስልክ ቁጥርና የብሩን መጠን በእጇ ትጽፋለች። ሲደርስ ደውላ ትነግራቸዋለች፣ ከዚያ በቀይ እስክሪብቶ ትሰርዘዋለች። በራሷ ካርድ ነው የምትደውለው። የእኛን ሥራ ነበር የምትሠራው።

አንድ ሽማግሌ ደግሞ መጡ። ስልካቸው ላይ ያው የእኔ ጽሑፍ ነው። «ልጄ፣ 504 ብር የቆረጠብኝ ለምንድነው?» አሏት። ብር በሚላክበት ስክሪን ላይ ቁጥር ካዩ ብር እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? በዚያው ሳምንት ቁጥሩን ከስክሪኑ አወጣነው። ለእኛ ለመከታተል ያስፈልጋል፣ ስለዚህ «ዝርዝር» የሚል ትንሽ ጽሑፍ ሲነካ ብቻ ይታያል።

ከእሷ ንግግር ሌላም ያስተዋልኩት አለ። ሱቁ የመጣ ሰው «ስህተት ተፈጠረ» ሲል አልሰማሁም። «አልላክ አለኝ» ነው የሚለው። «አልከፈት አለ»፣ «አልገባ አለኝ»፣ «እምቢ አለ»። በአማርኛ መኪናው አልነሳ ይላል፣ በሩ አልከፈት ይላል፣ እንጨቱ አልነድ ይላል። እምቢ ያለው ዕቃው ነው። ሰውየው ላይ ጥፋት አይወድቅም። ቋንቋችን ይህን ያህል የሚያምር መንገድ እያለው፣ እኛ «ስህተት» የሚለውን ቃል ከላይ ሰቅለን ሰዉን እናስደነግጣለን። አሁን በአፓችን ውስጥ «ስህተት» የሚለው ቃል የለም። ብሩ ካልሄደ «አልተላከም» እንላለን፣ በቃ።

ስለ ቃላት ካነሳሁ ሁለት ልጨምር። ሰው ስሙን ሳይሞላ «ቀጥል» ቢነካ የሚመጣ መልእክት ነበረን፦ «ይህ መስክ ያስፈልጋል።» አንዲት እናት ሱቁ ውስጥ ጮክ ብለው አነበቡትና «የምን መስክ?» አሉ። መስክ ከብት የሚሰማራበት ነው። ኮምፒውተር የተማረ ሰው ብቻ ነው መስክ ሲባል የሚሞላ ሳጥን የሚታየው። አሁን «የአባትዎን ስም አልጻፉም» ይላል። የጎደለውን ነገር በስሙ መጥራት ነው እንጂ የሳጥኑን ስም ማን ይፈልጋል?

ሌላው «ክፍለ ጊዜዎ አብቅቷል» የሚለው ነው። ይህን በብዙ አፕ ላይ አይቼዋለሁ። ክፍለ ጊዜ ለእኛ ሰው የትምህርት ቤት ነው፣ ደወል ተደውሎ የሒሳብ አስተማሪው ሲወጣ። አሁን የእኛ እንዲህ ይላል፦ «ለ5 ደቂቃ ስላልተነካ ዘግተነዋል። ብርዎ እንዳለ ነው። ፒንዎን አስገብተው ይቀጥሉ።» «ብርዎ እንዳለ ነው» የምትለዋን የጨመርናት ልጅቷ ብላን ነው። «ተዘግቷል ካልሻቸው ብራቸው የተዘጋ ይመስላቸዋል» አለችኝ።

ቀን የሚባለው ነገር ደግሞ ለብቻው ጽሑፍ ይፈልጋል። አንድ ወጣት የተወለደበትን ቀን 30/2/1987 ብሎ ሲያስገባ «ልክ ያልሆነ ቀን» ተባለ። ደግሞ አስገባ፣ ያው ነው። ጥቅምት 30 ነው የተወለደው። ኮዱ የሚያውቀው የፈረንጁን ፌብሩዋሪ ነው። ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 የለውም። ልጁ የገዛ ልደቱን ተጠራጥሮ እናቱ ጋ ደወለ። ጳጉሜን የተወለደ ሰውማ ጭራሽ አይገባም፣ 13ኛ ወር የለማ።

ከዚህ የሚብሰው መልእክት የማይመጣበት ነው። 15/3/1987 ብሎ የሚያስገባ ሰው ምንም አይባልም። ኅዳር 15ን ማርች 15 አድርገን፣ ዓመቱንም ሰባት ስምንት ዓመት ወደኋላ ስበን እንመዘግበዋለን። ከወራት በኋላ መታወቂያው ሲመረመር «መረጃዎ አይመሳሰልም» ይባላል። እዚህ ላይ የተሻለ ጽሑፍ ብትጽፍም ዋጋ የለውም። ሳጥኑ ራሱ «በኢትዮጵያ አቆጣጠር» እና «በአውሮፓ አቆጣጠር» ብሎ ማስመረጥ ነበረበት። ወሩም በቁጥር ሳይሆን በስሙ ይመረጥ፦ መስከረም፣ ጥቅምት፣ ኅዳር። ይህን አድርገናል፣ ቅሬታውም ቀርቷል።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። «ከ2:00 እስከ 4:00 አገልግሎት አይኖርም» ብለን ለጥፈን ነበር። ለእኛ ከሌሊቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ነው፣ ሰው በተኛበት። ሱቁ ውስጥ ግን ሰዉ የጠዋቱን 2 ሰዓት ነው የተረዳው። ልጅቷም ለሁለት ሰዓት ሙሉ ደንበኛ መለሰች። ሲስተሙ እየሠራ!

የስልክ ቁጥሩን ቶሎ ልለፈው፣ ሳስበው ስለሚያናድደኝ። ኮዳችን ስልክ በ09 ካልጀመረ «የስልክ ቁጥሩ ትክክል አይደለም» ይል ነበር። ሳፋሪኮም በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ አገልግሎት ሲጀምር በ07 የሚጀምሩ ቁጥሮች መጡ። እኛ ኮዱን እስክንነካው ድረስ ሰው የራሱን ቁጥር አስገብቶ ትክክል አይደለም ይባላል። እየመላለሱ አሃዞቹን የቆጠሩ ሰዎች አሉ። የማናውቀውን ነገር ትክክል አይደለም ማለት የለብንም። «ይህን ቁጥር አላወቅነውም፣ በ09 የሚጀምር ብቻ ነው የምንቀበለው» ብንል ኖሮ ቢያንስ እውነት ነበር።

ይህ ሁሉ በዓለም ላይ አዲስ ትምህርት አይደለም። ያኮብ ኒልሰን የተባለ ዴንማርካዊ ባለሙያ ፕሮግራም ለተጠቃሚው እንዲመች ስለመሥራት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣቸው 10 ነጥቦች ውስጥ ዘጠነኛው ስለዚሁ ነው። መልእክቱ ሰው በሚገባው ቋንቋ ይጻፍ፣ ችግሩን ለይቶ ይናገር፣ መውጫውንም ያሳይ ይላል። ዩኒቨርሲቲ ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜበትም አልፌያለሁ። ዊንዶውስ 95 አንድ ፕሮግራም ሲበላሽበት ፕሮግራሙ ሕገ ወጥ ተግባር ስለፈጸመ ይዘጋል እያለ ሰዉን ያስፈራ እንደነበርም ያኔ ነው የሰማሁት። ከእኔ ጋር ግን የቀረው ፈተና ላይ የጻፍኩት ሳይሆን የልጅቷ ደብተር ነው።

ዘጠነኛው ነጥብ የማይጠቅሰው አንድ ችግር እዚህ አለብን። ብዙ ደንበኞቻችን ስማርት ስልክ የላቸውም፣ መልእክቱ የሚደርሳቸው በኤስኤምኤስ ነው። አንድ ኤስኤምኤስ በእንግሊዝኛ ፊደል 160 ይይዛል። በእኛ ፊደል ሲሆን 70 ብቻ ነው። ከዚያ ካለፈ ለሁለት ይከፈላል፣ ወጪውም ሁለት ይሆናል። በዚህ ምክንያት ብዙ ድርጅት ለአማርኛ ተናጋሪ ሰው በእንግሊዝኛ ይልካል። እኛም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ አድርገናል።

ግን ቁጭ ብዬ ስቆጥር 70 ትንሽ አይደለም። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን ባንድ ይዞ ስለሚሄድ ብዙ ያስገባል። እስቲ ይህን እዩት፦

«ብሩ አልተላከም። 4,200 ብርዎ ሂሳብዎ ላይ አለ። እንደገና መላክ ይችላሉ።»

ከነቁጥሩ፣ ከነነጥቡ፣ ከነክፍት ቦታው 48 ነው። ብሩ የት እንዳለ ይናገራል፣ ስንት እንደሆነ ይናገራል፣ ቀጥሎ ምን ማድረግ እንደሚቻል ይናገራል። 22 ፊደል ተርፏል።

ቀሪ ሂሳብ ሲያንስ የሚመጣውም ተቀይሯል። ድሮ «በቂ ቀሪ ሂሳብ የለዎትም» ነበር። ሰው 1,200 ብር እያለው 1,200 ሊልክ ሲሞክር ይህ ሲመጣበት ይናደዳል፣ ብሩ እያለማ! የጎደለው ለመላኪያው የሚከፈለው ነው። አሁን «ያለዎት 1,200 ብር ነው። ለመላክ ከነክፍያው 1,206 ብር ያስፈልጋል» ይላል። ሰውየው 6 ብር ይሞላል ወይም 1,190 ይልካል። ወደ እኛ አይደውልም።

ሁሉም ነገር ይነገር አልልም። ፒን ሲሳሳት የቱ አሃዝ እንደተሳሳተ አንናገርም፣ ሌባም ያነባል። ግን «ፒኑ አልሆነም። 2 ሙከራ ቀርቶዎታል። ካለቀ ለ1 ሰዓት ይዘጋል» ማለት ይቻላል። ድሮ ሳንናገር ነበር የምንዘጋው።

አሁን አንድ መልእክት ከመግባቱ በፊት አንድ ነገር እናደርጋለን። ለሆነ ሰው ደውለን፣ ስክሪኑን ሳያይ፣ እናነብለታለን። ብዙ ቤት ውስጥ ስልኩ የእናትየዋ ነው፣ የሚያነበው ግን ሰባተኛ ክፍል ያለው ልጅ ነው። ጮክ ብሎ ያነባል፣ እናት ትሰማለች። ስለዚህ ጽሑፉ ለጆሮም መሆን አለበት። እኔ የማነብላት እትዬን ነው። «ድገሚልኝ» ካለች ያ ጽሑፍ አልሆነም ማለት ነው፣ እንደገና እጽፈዋለሁ። «እሺ» ብላ ወደ ሌላ ወሬ ከሄደች ገብቷታል።

ያቺን ሦስተኛዋን መልእክት ለመጻፍ ግን ሁለት ሳምንት ተጨቃጭቀናል። እኔ የልጅቷን ቃል እንዳለ መውሰድ ፈለግኩ፦ «ብሩ መንገድ ላይ ነው።» ሰው ወዲያው ይገባዋል። ባልደረባዬ ግን አይሆንም አለ። «መንገድ ላይ ነው ካልሽ ወጥቷል ማለትሽ ነው። ሳይወጣም ሊሆን ይችላል። አናውቅም እኮ!» አለ። ልክ ነው። ልጅቷ ስትናገር ፊቷ አለ፣ ደብተሯ አለ፣ ነገም እዚያው ትገኛለች። ስክሪን ያ ሁሉ የለውም። የሚያረጋጋ ግን እርግጠኛ ያልሆንበትን ነገር መጻፍ አልፈለግንም። በመጨረሻ የገባው ይህ ነው፦

«4,200 ብሩ መድረሱን ገና አላረጋገጥንም። እያጣራን ነው። በ10 ደቂቃ ውስጥ መልስ እንልክልዎታለን። እስከዚያ እንደገና አይላኩ።»

እዚህ ውስጥ «እባክዎ» የለም። አንዳንዱ ሰው ቅር ይለዋል፣ አውቃለሁ። ለእኔ ግን አክብሮቱ 10 ደቂቃዋ ላይ ነው። 10 ደቂቃ ካልን በ10ኛው ደቂቃ አንድ ነገር መድረስ አለበት፣ «ገና ነው» የሚልም ቢሆን። ያችን ቃል ለመጠበቅ በየደቂቃው እየዞረ ያልለየላቸውን የሚያጣራ ፕሮግራም ጻፍን። የደብተሩ ሥራ ነው።

መሥሪያ ቤት ሄዶ «ሲስተም የለም» ያልተባለ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሁላችንም አንወደውም። ግን አንድ እውነት አለው፣ ችግሩ ከእነሱ እንጂ ከእኛ እንዳልሆነ ይናገራል። የጎደለው መቼ እንደሚመለስና የጀመርነው ጉዳይ ምን እንደደረሰ ነው። ወረፋ የያዘው ሰው የሚፈልገው ይህችኑ ነው። ሲስተሙ ለምን እንደሄደማ ማን ያስጨንቀዋል?

ባለፈው ወር እትዬ ደውላ ነበር። ስለ ጤናዬ ጠየቀች፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀች። የጎረቤቷን ልጅ ሠርግ ነገረችኝ። ሊዘጋ ሲል «ደሞ ያ ስልክ 10 ደቂቃ ጠብቂ አለኝ፣ ቡና አፍልቼ ጠበቅኩት» አለች።

«ከዚያስ?»

«ሦስተኛው ሳይቀዳ ደረሰ አለኝ።»

አሁን የተቸገርኩት በአንድ ቃል ነው። የተላከ ብር ተቀባዩ ጋ መግባት ሳይችል ሲቀር ወደ ላኪው ይመለሳል። እኛ «ተመላሽ ሆኗል» እንላለን። እትዬ ሳነብላት «ማን መለሰው? ተጣላን እንዴ?» አለች። ሰውየው አልቀበልም ብሎ የመለሰባት መስሏታል። «ሊገባላቸው ስላልቻለ» የሚል ነገር ላስቀድም ብዬ ጽፌያለሁ፣ ግን ከ70 አለፈብኝ። ነገ ጠዋት መገናኛ ሄጄ ልጅቷ ምን እንደምትል እሰማለሁ።